በልኬ የወረደች መኪና

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት መድኃኒት ቤት ደርሼ መጣሁ። መንዳቱ ችግር የለውም። ችግሩ መውረዱ ነው። በሩን ከፍቼ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳወጣ ጫማዬ አየር ላይ ይንጠለጠላል። መዝለል ሊኖርብኝ ነው። ዳሌዬን የቀየረልኝ ሐኪም ደግሞ "መራመድ እንደ ልብዎ፤ መዝለልና ማጎንበስ ግን ይርሱት" ብሏል። በሰባ አራት ዓመቴ እንዳልዘልል የከለከለኝ የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነው።

የመድኃኒት ቤቱ ዘበኛ በብብቴ ይዞ አወረደኝ። እንደ ጆንያ። አመሰገንሁት... በጥርሴ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ልጄና ባሏ መጡ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ጉዳይ አለ ማለት ነው። ሻይው ሳይቀዳ ጀመረች።

"እማዬ፣ ስለ መኪናዋ እንነጋገር።"

"ምን ሆነች?"

"እሷማ ምንም አልሆነች። አንቺ ነሽ እንጂ..."

"እኔስ ምን ሆንኩ?"

ዝም አለች። ዝምታውን ባሏ ሞላው። ይህ ሰው ዝምታ ካገኘ ሳይሞላው አይውልም።

"እማማ፣ መኪናዋ እኛ ጋ ትሁንና የፈለጉበት ቦታ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ።"

እሱ ራሱ! ባለፈው ሐኪም ቤት አድርሰኝ ብለው ለሦስት ሰዓት ተቀጣጥረን በአምስት ሰዓት መጣ። መንገዱ ተዘግቶ ነው አለኝ። ጉንጩ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሞ ነበር። ስፌት አይቼ አልሳሳትም።

ልጄ ግን ፍርድ ታውቃለች። "ያለ ሰው እርዳታ ተሳፍረሽ፣ ያለ ሰው እርዳታ ከወረድሽ መኪናዋ እዚሁ ትቀራለች። ካልሆነ እንወስዳታለን። እስከ ወሩ መጨረሻ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ምኑ ነው ስንት ጊዜ?"

"ስንት ጊዜ ልሳፈር፣ ስንት ጊዜ ልውረድ? ፈተና ቁጥር አለው።"

ተያይተው ሳቁ። "አምስት" አለች። እዚህ ጻፍሁት። አምስት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የወንበሩን ስፖንጅ አስወጣሁ። እግሬ መሬት ነካ! ደስ ብሎኝ ልነዳ ተመልሼ ገባሁ... መንገዱ ጠፋ። ከመሪው በላይ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ። ስፖንጁን መለስሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አጭሩን የእንጨት መቀመጫዬን፣ ዱካዬን፣ ሞከርሁ። ረግጬው ተሳፈርሁ፣ እንደ ንግሥት። በሩን ዘጋሁ፣ ሄድሁ። ዱካው መንገድ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ እንዳላነሣው ተከልክያለሁ፤ ወርጄ እንዳላነሣው የምወርድበት እሱው ነው። ጎረቤቴ አምጥታ "መንገድ ላይ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ይጠብቀኛል አልኋት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ተገለጠልኝ። ወንበሩ መውረድ ካልቻለ መኪናዋ ራሷ ትውረድ! ቀሚስ ሲረዝም ለባሿን እናስረዝማለን እንዴ? አርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የሚያጥረው ልብሱ ነው።

ሜትሬን አወጣሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ዋና መምህርታችን በየጠዋቱ የቀሚሳችንን ጫፍ ከመሬት በእንጨት ማስመሪያ ትለካ ነበር። ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር። አንድ ሳንቲ ከዘለለ ማስመሪያው ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። መዳፌ አልረሳውም።

ልብስ የሚለካው ለባሹ ውስጡ ሲሆን ነው። እኔ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥሁ፣ ጎረቤቴ ሜትሩን ያዘች። ከመሬት እስከ መኪናዋ ሆድ አሥራ ሰባት ተኩል። ጫማዬ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ እንዲያርፍ የሚጎድለው አራት። ከዚያ ዱካዬን ይዤ መንገዳችን ጫፍ ላይ ካለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አጠገብ ተቀመጥሁና እሱንም ለካሁት። ሹፌሮች ጡሩምባ ነፉ። ይንፉ። አሥራ ሁለት ተኩል። መኪናዋ አራት ብትወርድ ከጉብታው በላይ አንድ ሳንቲ ይተርፋታል። ለኔ አንድ ሳንቲ ብዙ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጋራዥ ሄድሁ። ባለ ጋራዡ እስከ ክርኑ ቅባት የነካው፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነው። ምን እንደሚጽፍበት እንጃ።

"እማማ፣ ምን እንታዘዝ?"

"ዝቅ አድርግልኝ።"

"ምኑን?"

"መኪናዋን። አራት ሳንቲሜትር።"

መፍቻውን አስቀመጠ። "ለልጅ ልጅዎ ነው?"

"ለራሴ።"

"ለ... ውድድር?"

"አዎ። ተወዳዳሪዎቼ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ይዘው እየጠበቁኝ ነው።"

ያኔ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት መኪናዋን የተሸከመውን ጥምዝ ብረት፣ ሞላውን፣ በመጋዝ ሁለት ዙር እንቁረጠው፣ ለምሳ ሰዓት ይደርሳል አለኝ።

"አንተ ሱሪ ሲረዝምብህ በመቀስ ቆርጠህ፣ ሳይቀመቀም ትለብሰዋለህ?"

"ኧረ አልለብስም።"

"መኪናዬም አትለብስም።"

አፍጥጬ ስጠብቀው እውነቱን አወጣው። የተቆረጠ ሞላ ከቦታው ይንሸራተታል፣ መኪናዋም እንደ ፍየል ትዘልላለች። ከመነሻው አጭርና ጠንካራ ሆኖ የተሠራ ሞላ አለ። ንዝረት ከሚውጠው አሞርዛተር ጋር አብሮ ይቀየራል፣ ጎማዎቹም እንደገና ይስተካከላሉ።

"ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?"

"የሚጠይቅ የለማ፣ እማማ።"

ልወጣ ስል ጠራኝ። "አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚሳፈርባት?"

"አንድ።"

ጻፈው። እስክሪብቶው ለካ ይሠራል።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሞላው አልመጣም። "ነገ" አለኝ። እኔም ለደንበኞቼ "ነገ" እል እንደነበር ትዝ አለኝ። ትዝታውን አልወደድሁትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

መኪናዋ ተሠርታ መጣች! መንገዱ ላይ ካለው ጠጠር ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ተዋወቅሁ። ከእንግዲህ ሰው ሠራሽ ጥርሴን አውልቄ ልንዳ ይሆን? ግን በሬን ከፍቼ እግሬን ሳወጣ... ጫማዬ ከተረከዝ እስከ ጣት መሬት ላይ አረፈ። ተነሣሁ። ማንም አልያዘኝም። ማንም አላየኝም። ስለዚህ ተመልሼ ገብቼ እንደገና ወረድሁ። ጉብታውንም በቀስታ አለፍሁት። ድምፅ የለም።

መብራት ላይ ዝቅ ያለች ቀይ መኪና የያዘ ጎረምሳ አጠገቤ ቆመ። መኪናዬን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ መኪናዬን አየ። አውራ ጣቱን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁለት። ለይሉኝታ ነው እንጂ የሱ ሞላ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። ከአካሄዱ ያስታውቃል።

እሑድ፣ የካቲት 23

ፈተናው። ልጄ ደጅ ቆመች። ባሏ ቁልፉን የሚቀበልበት እጅ ዝግጁ ነበር። አንድ... ሁለት... አምስት። ስድስተኛውን በነጻ ጨመርሁላቸው።

"እማዬ፣ መኪናዋ አጠረች እንዴ?"

"አንቺ ረዝመሽ ነው።"

ባሏ ከሥሯ አጮለቀ። "ሞላ አስቀየሩ? በዚህ ዕድሜዎ? ሰው ምን ይላል?"

"አውራ ጣቱን ያነሣል።"

"ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው!"

"ልጄ ያለችው ያለ ሰው እርዳታ ነው። ሞላ ሰው አይደለም።"

ልጄ ሳቋን ዋጠች። አይቻታለሁ። እሱ ግን መች ተስፋ ይቆርጣል! "እስቲ እኔ ልሞክራት... ለእርስዎው ደኅንነት" አለ። ቁልፉን ሰጠሁት። በክፋት አይደለም... በክፋት ነው። ጉብታውን ለክቼዋለሁ፣ እሱንም ለክቼዋለሁ። የሠርጉን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወገቡን ሁለት ጊዜ አስፍቼለታለሁ። ብቻውን የኔን ሁለት ይመዝናል።

ከመንገዱ ጫፍ ድምፁ መጣ። ጭርርርር... ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ አለች። ተመልሶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ይቺ መኪና አትሆንም" አለ።

"ለማን?" አልሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ልጄ መጣች። ብቻዋን! "ገበያ አብረን እንሂድ። አንቺ ንጂ።" እንዲህ ካለችኝ ስንት ዓመት ሆነ? አጠገቤ ተቀመጠች፣ ተነሣን፣ ጉብታው ላይ ወጣን... ጭርርርር።

ባሏ ይሁን። እሷ ግን ከሲታ ናት! ቤት ተመልሰን እኔም እሷም ተቀምጠን ጎረቤቴ ለካች። አሥራ ሁለት ሳንቲ ከሁለት ሚሊ። ከጉብታው በሦስት ሚሊ ታንሳለች።

"ባለ ጋራዡን ምን ብለሽው ነው?"

"ስንት ሰው ይሳፈርባታል አለኝ። አንድ አልኩት።"

"አንድ?"

"ሌላ ማን ነበር?"

ዝም አለች። ባሏ ስላልነበረ ዝምታውን የሚሞላው ጠፋ።

መልሴ ትክክል ነበር። አልዋሸሁም፣ አላጋነንሁም። ታዲያ ምን አሳፈረኝ? ለነፍሰ ጡር ስሰፋ የሁለት ሰው ቦታ መተው አልረሳም ነበር...

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ባለ ጋራዡ ጋ ሄጄ አንድ ሳንቲ ብቻ ከፍ አድርግልኝ አልሁት። በክሪክ አንድ ሳንቲ አነሣትና "አሁን ይውረዱ" አለኝ። ጣቴ ብቻ ነካ። ተረከዜ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሥር ደግፎ መለሰኝ።

"ከሁለት አንዱን ነው፣ እማማ። ወይ እግርዎ ይደርሳል፣ ወይ ሁለት ሰው ያልፋል።"

ይህን የሚያህል ነገር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይናገራል።

"እንዳለች ተዋት" አልሁት። እስከ ቤት ድረስ ሬዲዮውንም አልከፈትሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። በሦስት ሰዓት ተኩል ከች አለች፣ ቅርጫት ይዛ። ባለ ጋራዡ ያለኝን አልነገርኋትም። ተሳፈረች። ጉብታው ፊት ስንደርስ ሳላስበው እግሬ ፍሬኑን ረገጠ።

"ውረጂ።"

"ምን?"

"ውረጂ። በሦስት ሚሊ ትበዢያለሽ።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ወረደች። ጉብታውን በእግሯ ተሻገረች። እኔም ቀስ ብዬ ተከተልኋት። ድምፅ የለም። ማዶ ቆሜ በሩን ከውስጥ ከፈትሁላት። ከኋላችን ያለው ሹፌር ጡሩምባውን ሲያንባርቀው "ቆይ እንጂ! እናቴ እያሳፈረችኝ ነው!" ብላ ጮኸችበት። ይህን አፍ ከማን ነው የወረሰችው?

እስከ ገበያው አራት ጉብታ አለ። አራት ጊዜ ወረደች፣ አራት ጊዜ ተሳፈረች። እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልሁም። አራተኛው ላይ በሩን ይዛ ቆመች።

"እማዬ፣ ኧረ ጉልበቴ!"

"በብብትሽ ልያዝሽ?"

መኪናዋ ላይ ተደግፋ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ። ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው።

በመልሱም ያው አራት አለ። የመጨረሻውን፣ የራሳችንን መንገድ ጉብታ፣ በባዶ እግሯ ተሻገረች። ቤት ስንገባ እግሯን እያሸች "የሚመጣው ሐሙስ ጠፍጣፋ ጫማ ነው የማደርገው" አለች።

እኔ አልጠየቅኋትም። ራሷ ናት ያለችው።