የአቶ ደምሴ እግር

ሰኞ
ክሩ አሁንም ተበጠሰ! የሸማ ተራው ሸማኔ አቶ ደምሴ ከሱቃችን የገዙትን የስፌት መኪና በኩሊ አሸክመው መጡ። «ወይዘሮ አስካለ፣ የተበላሸ ነው የሸጣችሁልኝ፤ ውሰዱልኝ።» እኔ ስቀመጥበት ጥርት አድርጎ ይሰፋል። ባለሱቁ ጋሼ ሙዘይን ጮሁ፦ «ገዢ ማስተማር ትርፉ ይኸው ነው! እስከ ቅዳሜ ካልሰፉ መኪናውን ወስጄ ገንዘባቸውን እመልሳለሁ፣ አንቺም ወደ ቤትሽ። የምታስተምሪበት ጥግ አቡጀዲ ይደረደርበታል።» ደግሞ በጆሮዬ፣ «ሸማኔ ምን ይገባዋል» አሉኝ። ቆይ ብቻ!

ማክሰኞ
ጋሼ ሙዘይን እንደ ልማዳቸው ራሳቸው ተቀምጠው አንድ እጅጌ ባንድ ትንፋሽ ሰፍተው አሳዩ። ሰው አጨበጨበ። አቶ ደምሴም አጨበጨቡ። ሲቀመጡ ግን ክሩ ጧ! አይተው መቼ ቻሉ? እኔ ዓይኔን እግራቸው ላይ ጥያለሁ። ወይ ጉድ! ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ለካ የሸማ ዕቃቸውን ነው የሚረግጡት! ሸማ ሲሠራ እግር ይፈራረቃል፤ መኪናው ግን ሁለቱንም እግር ባንድነት፣ ተረከዝ ጣት፣ ተረከዝ ጣት ነው የሚፈልገው። ሲያፈራርቁበት መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሳል። መኪናውም ደህና፣ ሰውየውም ደህና።

ረቡዕ
ክሩን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዛሬ እግር ብቻ፣ ነገ በባዶ መርፌ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት መውጋት፣ ከዚያ ጨርቅ፣ ክር መጨረሻ። አቶ ደምሴ ተቆጡ፦ «ለመኳንንት ጥበብ የሠራሁ ሰው ነኝ! ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?»
«እርስዎማ አዋቂ ነዎት፤ እግርዎ ነው አዲስ ተማሪ» አልኳቸው። ሳቁና ተቀመጡ።
ጋሼ ሙዘይን ግን፣ «ክር የሌለው ስፌት! ገበያተኛ ሳቀብኝ፤ ቁልፉን አምጪ!» አሉ። አልሰጠሁም። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሜ፣ «እስከ ቅዳሜ ብለዋል፣ ቃልዎን ይጠብቁ» አልኳቸው። ከዚህ ብወጣ የት እንደምገባ እንጃ።

ዓርብ
ትናንት አቶ ደምሴ ወረቀቱ ላይ ጠዋት እንደ እባብ ተጥመዘመዙ፣ ከሰዓት ቀጥ አሉ። ጫማ አስወለቅኳቸው፤ መርገጫው በባዶ እግር ይሻላል። ሲጣደፉ ግን እግራቸው ሄዶ ሸማው ላይ ነው። ከማዶ የሚሰማው የምን አለሽ ተራ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ደግሞ ምታቸውን ያስታቸዋል። «እነዚያን ሰዎች ዝም አሰኚልኝ እንጂ!» ይላሉ። ዛሬ ጨርቅ አስነካኋቸው። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ
ክር አስገባሁ። ጋሼ ሙዘይን እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አቶ ደምሴ የትራስ ልብስ ዙሪያውን ሰፉ። አንዴ እግራቸው ሊፈራረቅ አለና ራሳቸው አቆሙት። ክሩ አልተበጠሰም! «ኩሊ ጥሩልኝ፣ መኪናዬን ይዤ ልሂድ» አሉ ኮራ ብለው።
ቆይቶ ሌላ ገዢ ሲመጣ ጋሼ ሙዘይንን ሰማኋቸው፦ «መጀመሪያ እግር ነው ወንድሜ፤ እኛ ዘንድ ክር ዝም ብሎ አይሰጥም!» የራሳቸው ዘዴ አስመሰሉት። ያስመስሉ! አቡጀዲያቸውን ሌላ ቦታ ይደርድሩት።