የግራው የፊት ጎማ

ለምወድህ ወንድሜ ለኢቴል፤

ባሕሩን ሁሉ ተሻግሬ፣ አንገትህን አቅፌ ሰላም እልሃለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ኒውዚላንድ በጉ ከሰው ይበዛል ይባላልና፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲሸልት የሚውል ሰው ወገቡ ካልተጠየቀ ምኑ ይጠየቃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው? ስለ እኛ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ብዬ እንዳልጽፍልህ ወረቀቱም ይታዘበኛል። በሕይወት አለን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ስድስት ጊዜ ደውዬ፣ ስድስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘግቻለሁ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አምና በመከር ለዕረፍት መጥተህ የአባዬ ጉልበት ዳገቱን እንደከዳው ስታይ፣ ከተማ ወርደህ ያንን ባለአራት ጎማ ሞተር ገዝተህለት መጣህ። ሞተሩ ገና ከጭነት መኪናው ሳይወርድ እማዬ የጠየቀችህ ትዝ ይልሃል? «ሻጩ የዕድል ሳንቲም መለሰልህ?» ነበር ያለችህ። በግም ይሁን ፈረስ፣ የሸጠ ሰው ከዋጋው አንድ ሳንቲም እንትፍ ብሎበት ለገዢው ካልመለሰ እሷ ዘንድ ያ ነገር ገደ ቢስ ነው። አንተ ደግሞ «እማዬ፣ ሱቅ እኮ ነው! ሱቅ ደረሰኝ እንጂ ምራቅ አይሰጥም» ብለህ ሳቅክ። አባዬም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሞተሩ ያመጣልንን ደስታ ዛሬ ማንም ስለማይነግርህ እኔ ልንገርህ። አባዬ አንድ ጆንያ የበግ መኖ ተሸክሞ ላይኛው ካብ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ በሞተሩ ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ደርሶ ይመለስ ጀመር። ፍሎስ ከኋላው ተቀምጣ ጆሮዋ በነፋስ ሲገለበጥ ብታይ ከሰው ይልቅ የኮራችው ውሻዋ ነበረች። የገዛህለትን ሄልሜት ግን አንድም ቀን አላደረገውም። ጋጣው ውስጥ አስቀምጦት ቀይዋ ዶሮ እንቁላል ጣለችበት። ስቆጣው «ተያት፣ ከኔ ጭንቅላት የሷ እንቁላል ይረባል» አለኝ።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ እሁድ ፀሐይ ወጣና እማዬን በግድ ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ ወንዙ ሜዳ ነዳሁ። መጀመሪያ «አውርጂኝ! አንቺ እብድ፣ አውርጂኝ!» እያለች ትከሻዬን ትደበድበኝ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ወገቤን አቀፈች። በሦስተኛው «ትንሽ ጨመር አድርጊው» አለችኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን እያውለበለበ «ኔስታ! በስልሳ ሁለት ዓመትሽ ልትጠፊ ነው?» ሲላት፣ «ካገኘኸኝ ያዘኝ!» ብላ ስትመልስለት በጆሮዬ ሰማሁ። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት የመጨረሻው ቀን እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስትሄድ ጋጣው ሚስማር ላይ ትንሿን የአየር መለኪያ ሰቅለህ፣ «ሜረሪድ፣ የዚህ ጎማ እንደ ትራክተሩ አይደለም። ትንሽ አየር ነው የሚፈልገው፣ በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው እሺ ማለት አለበት። ከጠነከረ ዳገት ላይ ይዘላል» ብለኸኝ ነበር። እኔም «እሺ መምህር» ብዬ ቀልጄብሃለሁ።

ኤፕሪል አሥራ ስምንት፣ አመሻሽ ላይ፣ የግራው የፊት ጎማ ዝቅ ብሎ አየሁት። በጎቹ እየወለዱ ነበር፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም። የትራክተሩን ኮምፕረሰር አመጣሁና ነፋሁት። መለኪያዋ ከፊቴ ተሰቅላለች፤ እጄን ብዘረጋ እደርስባት ነበር። እንደ ትራክተር ጎማ ድንጋይ እስኪመስል ነፋሁት፣ በጫማዬ ረገጥ አድርጌ «ጠንክሯል» ብዬ ረክቼ ገባሁ።

አባዬ በማግስቱ ጉሙ ሳይገለጥ ወጣ። ተራራው ላይ ምጥ የጠናባት በግ ነበረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍሎስ ብቻዋን መጣች። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሞተሩ ተገልብጦ ደረቱ ላይ ነበር። የጎማውን ዱካ ሣሩ ላይ ተከትዬ አየሁት፦ ቡጢ ከማታህል ድንጋይ ላይ ነው ነጥሮ የዘለለው። የአባዬን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ቢተነፍስ ኖሮ ሌላ ነገር አላስብም ነበር። አጎታችን ኢድዋል ከታች እየጮኸ ሲወጣ ስሰማ ግን ተንበርክኬ፣ የግራውን የፊት ጎማ ክዳን ፈትቼ አየሩን አስወጣሁ። በአውራ ጣቴ ስጫነው እሺ እስኪል ድረስ።

በኋላ የመጣው መርማሪ አራቱንም ለክቶ ጎማዎቹ ደህና ናቸው ብሎ ጻፈ። ምን ያድርግ? ባገኘው ነው የጻፈው።

አንተ ሦስት አውሮፕላን ቀይረህ ለቀብሩ ደረስክ። እማዬ መቃብሩ ዳር የዘረጋህላትን እጅ ሳትይዝ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ባሌን የበላው ያ ገፊ ነው። ያለ ዕድል ሳንቲም ቤቴ ያስገባኸው ደግሞ አንተ ነህ» አለችህ። የዘረጋኸውን እጅ ወደ ኪስህ መለስክ። እኔ በስተግራዋ ክንዷን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ዝግ ባለ ድምፅ «ጎማውን በመለኪያዋ ነበር የምትነፉት?» ብለህ ጠየቅከኝ። «አዎ» አልኩህ። ወንድሜ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያቺ «አዎ» ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንተ በሦስተኛው ቀን ጥፋቱን ሁሉ ተሸክመህ ሄድክ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቀርቼ ጥሩዋ ልጅ ተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንተ ስትደውል እማዬ ክፍሉን ለቅቃ እንደምትወጣ ታውቃለህ። ፎቶህንም ከግድግዳው አውርዳዋለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጋጣውን ስታጸዳ መለኪያዋን አግኝታ፣ ምሳ ላይ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አመጣቻት። «ይቺም የሱ ናት? ወንዝ ውስጥ ጣይልኝ» አለችኝ። ተቀበልኳትና ተነሣሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። ተመልሼ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ኮምፕረሰሩም፣ ስለ ድንጋዩም፣ ስላስተነፈስኩትም።

ድንቹን ከእሳቱ ላይ አወረደች፣ ሻርፗን ለበሰች፣ ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ካቡን ተደግፋ ቆመች። አጎቴ ኢድዋል ነው በመጨረሻ ያስገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። የምትፈልገውን ለውሻዋ ትነግራታለች፦ «ፍሎስ፣ ሰው በሩን ይዝጋ። ፍሎስ፣ ከሰል አልቋል።» እኔም እዘጋለሁ፣ ከሰሉን አመጣለሁ። አንተ ለአምስት ወር የኖርክበት ዝምታ አሁን የኔ ነው። የሚገባበት ቤት መጣ፤ አላማርርም።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም። ይቅርታ በፖስታ አይላክም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ና። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ መንጋውን ከተራራው እናወርዳለን። ሞተሩ ሸራ ለብሶ ጋጣ ውስጥ ቆሟል፤ የሚነካው የለም፤ ተራራውን በእግራችን ነው የምንወጣው። አባዬ በጎቹን በፉጨት ይጠራቸው የነበረውን ከኛ የሚችል አንተ ብቻ ነህ። እኔ ስሞክረው በጎቹ ቀና ብለው አይተውኝ መልሰው ይግጣሉ።

አጎቴ ኢድዋል በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ጉልበቱ እንደ አባዬ እየሆነ ነው። «ንገሪው፣ የሚያሳፍረው ነገር የለም፣ ቀና ብሎ ይግባ» ብሏል። የታችኛው ቤት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ብለዋል፤ እውነቱን እሁድ ከጸሎት በኋላ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ፍሎስ አርጅታለች፤ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ግን አሁንም ወደ በሩ ትሮጣለች።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥብ ነበር። የመጨረሻውን ሳህን አስቀምጣ፣ «ፍሎስ፣» አለች፤ «ለዚያ ልጅ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ እናትህ ሰላም ብላሃለች ይበለው። ፍራሽህን ነፋስ ላይ አውጥታዋለች ይበለው።» እንዳለችው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ሜረሪድ
ሀቮድ ወን፣ ዌልስ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2019