ሰባተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9
ከስፌት ቤቴ

ዓለሜ፣ የእኔ ግትር፣

እንዴት ከረምሽ? ብርዱ አልከፋብሽም? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ደህና ነው፤ እኔም ይኸው እየተቆጣችኝ አለሁ። ሰሞኑን በስልክ ያላወራሁሽ ተቀይሜሽ አይደለም። የምነግርሽ ነገር አለ፤ በስልክ ከሆነ እሷ ከጎኔ ቆማ ቃል በቃል ታርመኛለች፣ ድምፄም ይከዳኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ቶሎ እንዲደርስሽ እናትሽ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

«አባዬ፣ እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም፤ ቅዳሜ አልፈተንም» ያልሽውን እናትሽ ስታነብልኝ የሰው ሱሪ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱን አስቀመጥኩ። የመግቢያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ተፈትነሽ፣ በሒሳቡ ሁለቱንም ጊዜ መቶ ሃምሳ አንድ ነጥብ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛው ዲግሪ የሚፈልገው መቶ ስልሳ። ማመልከቻው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ የቅዳሜው ካለፈሽ ሌላ ፈተና የለም። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ እያወራሽ ጎረቤቱን ሁሉ ስታሰለቺ ኖረሽ፣ ለዘጠኝ ነጥብ ብለሽ ልትተይው? አንጀቴን በላሽው።

የላክሽውን የውጤት ዝርዝር እናትሽ አሳትማ አመጣችልኝ። እኔ ምኑ ይገባኛል! ጡረታ የወጣውን የሒሳብ መምህር ታስታውሺው የለ፣ ሰፈሩ «ሲካፈል» እያለ የሚጠራውን? ኮቱን ሊለካ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። አንዱን እጅጌ እንዳጠለቀ ቆሞ አነበበው።

«ልጅህ ሒሳብ አታውቅም ያለህ ማነው?» አለኝ።

«ራሷ ናታ!»

«ተሳስታለች። ከሃያው ጥያቄ አስራ አራቱን ሠርታ አስራ ሦስቱን አግኝታለች። የመጨረሻዎቹን ስድስት ግን አልደረሰችባቸውም፣ ሰዓት አለቀባት። ተመልከት እንግዲህ፣ ሰባተኛው ላይ ብቻ አስራ አንድ ደቂቃ ተተክላለች። ያውም ስታዋለች። ምልክት አድርጋ አልፋው መጨረሻ ላይ ብትመለስ ማን ከለከላት?»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች በለኛ» አልኩት እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። «አልፎ መሄድን እንዲህ ያስጠላት ማን ይሆን?» አለ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሁለቱን ቧንቧዎች አልረሳሻቸውም። ለስንቱ ሰው አውርተሽዋል! አስራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ ቀኑም ቅዳሜ። መጽሐፉ የሲካፈል ስለነበረ ጥያቄዎቹን በእጄ ገልብጬ ሰጠሁሽ። «አንደኛው ቧንቧ ገንዳውን ለመሙላት ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሁለቱ አብረው ቢከፈቱስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልገባኝም፣ ልለፈው አልሽኝ። በዚህ ቤት የተጀመረ ሳይጨረስ መነሳት የለም አልኩሽ። ወንድሞችሽ ምሳቸውን በልተው ኳስ ሊጫወቱ ወጡ። እናትሽ «ኧረ ተዋት!» ብትል፣ እኔ ወይ ፍንክች። እንባሽ ወረቀቱን አራሰው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «ሦስት» ብለሽ ጻፍሽ። መልሱን እኔ የት አውቄ! ደክሞኝ ነበር፣ አንቺም አሳዘንሽኝ፤ «ጎበዝ! አየሽ፣ ቁጭ ያለ ያገኛል» አልኩሽ።

ሰኞ መጽሐፉን ስመልስ ለሲካፈል በኩራት ነገርኩት። ገጹን ገለጠና አሳየኝ። ስገለብጥ አንድ መስመር ዘልያለሁ፤ ሁለተኛው ቧንቧ ለብቻው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት የሚናገረውን። ልጄ፣ ያ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ብትቀመጪም አይመጣልሽም ነበር።

ቤት ስገባ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ወረቀቱን አልጋሽ ራስጌ ለጥፈሽው አገኘሁ። አባት ሆኜ እንዴት ተሳሳትኩ ልበል? ዝም አልኩ። የተመረቅሽ ቀን በሰው ፊት «ቁጭ ያለ ያገኛል፣ ይህን ያስተማረኝ አባዬ ነው» ስትዪ ዓይኔን በጨው አጥቤ አጨበጨብኩ። አፍሬያለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ። እናትሽም ይህን የምታውቀው ፎቶውን ስታነሳ ነውና ጸልዪልኝ።

ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገርሽ። ያንን ሕግ እኔ ራሴ ጠብቄው አላውቅም። ኮት ስሰፋ ኮሌታው እምቢ ካለኝ ጥዬው ወደ ኪሱ እሄዳለሁ። ኪሱን፣ እጅጌውን፣ ገበሩን ጨርሼ ስመለስ ኮሌታው እሺ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሰፋሁት። ኮሌታ ላይ ሙጭጭ ብል ኖሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጅጌ የሌለው ኮት ለብሶ ይዞር ነበር።

ሲካፈል እንዲህ በላት ብሎኛል። አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ካለፈው ምልክት አድርገሽበት እለፊ፣ ዞረሽ ትመለሺበታለሽ። እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ሰዓት ይዘሽ ሃያ ሃያ ጥያቄ ሥሪ። ሒሳቡንስ ታውቂዋለሽ፤ የምትለማመጂው ትቶ መሄዱን ነው። እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ጥለሽ ልታልፊ ስትዪ የእኔ ድምፅ ከመጣብሽ፣ «ያ ሰውዬ አንድ መስመር ዘሏል» በዪና እለፊ።

የሲካፈል ኮት ኮሌታ ሳይገባለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ትቼው ነው ይህን የጻፍኩልሽ።

ፈጣሪ እጅሽን ያቅናልሽ፣ አእምሮሽን ያረጋጋልሽ። መቶ ስልሳ ብታመጪም ባታመጪም ኩራቴ ነሽ። ቅዳሜ ግን ሂጂ።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው

ይህ ደግሞ የእኔ የእናትሽ ጽሕፈት ነው። ፎቶ ሳነሳ አነበብኩት። ያን ቀን ምሳሽን ከድኜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ የጠበቅኩሽ እኔ ነኝ፤ ከሰውዬው ጋር የምንነጋገረው አለን። እሱን ለእኔ ተይልኝ። አንቺ ወደ ስምንተኛው እለፊ።