በገዛ ፈቃዳቸው

ማክሰኞ

ለማንም ያልነገርኩት ይኼ ነው፦ የኪነት ማኅበራችን መሪ የነበሩት ኦቦ ለሚ ማኅበሩን አልለቀቁም። "በዕድሜና በጤና ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል" ብዬ ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉባኤ የሚባል ነገር አልነበረም። የኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ነበር። ባለቤቴ አበራ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰባት ዓመት ሆነው። አበራም ከሞተ አራት ዓመቱ።

ዛሬ ይህን ያስጻፈኝ ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ ነው። የኪነት ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ መሪዎቹን ካልመረጠ፣ ቃለ ጉባኤውንም እስከ ሰኞ ካላቀረበ፣ ኮሙናሉን ያስረክብ ይላል። ኮሙናል የምንለው በብሎኮቹ መሃል ያለውን የጋራ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ ነበር የታሰበው። ቴአትር ያስገቡበት ኦቦ ለሚ ናቸው። ልጆቹ የሚለማመዱት እዚያ ነው። ከበሮው፣ አልባሳቱ፣ የመጻሕፍቱ ቁም ሳጥን፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ከአበራ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም።

ለሊቀ መንበራችን ለኢንጂነር ሳሙኤል ደውዬ ደብዳቤውን አነበብኩለት። አትላስ አካባቢ ሥራ ላይ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ የጸሎት ሰው። "እትዬ፣ እንደ ወትሮው አንድ ቃለ ጉባኤ ያዘጋጁልን፤ ቤት ለቤት እናስፈርማለን" አለኝ።

እንደ ወትሮው። ክፋት አስቦ አይደለም። እዚህ አያት ሰፈር ሁሉም የሚያደርገው እንደዚሁ ነው። ሰው ሥራ አለበት፣ የታክሲ ሰልፍ አለበት። ስለዚህ ሰው አይሰበሰብም፣ ወረቀቱ ይዞራል። በር ላይ ቆመው፣ በአንድ እጅ ጭልፋ ይዘው ይፈርማሉ። የሚያነብ የለም። ኦቦ ለሚንም ያስወጣናቸው እንዲህ ነው።

እምቢ አልኩት። ስብሰባ ይጠራ አልኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ደንቡን አውጥቼ አነበብኩ። ሃያ አባል ካልተገኘ ጉባኤው አይጸናም። እሁድ በሰባት ሰዓት ተብሏል።

ዛሬ ያንኳኳኋቸው በሮች፦

አቶ ከበደ። "ወረቀቱን አምጪልኝ እንጂ እኔን ለምን ታመላልሺኛለሽ?" ለሁለት ዓመት አብረን ቴአትር የሠራን ሰው ናቸው። ንጉሥ ሆነው ይተውኑ ነበር፤ ካባው እስካሁን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ።

ባልና ሚስቱ፣ ከሦስተኛ ፎቅ። አንዳቸው ይመጣሉ፣ አንዳቸው ልጅ ይጠብቃሉ። ማን ይምጣ እየተባባሉ ትቻቸው ወረድኩ።

ሁለት ቤት ተከራይ ገብቶበታል። አባሎቻችን የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም።

አንዱ አባል ሞተዋል። ለቀብራቸው ሄጄ ነበር። ስማቸውን ከመዝገብ መሰረዝ አቅቶኝ ነው የኖርኩት።

ቤቲ፣ ዋናዋ ተዋናያችን። ቦሌ ስልክ ስትመልስ ነው የምትውለው። "ማዘር፣ ለምን በዙም አናደርገውም?" አለች። እኔ ዙምን አውቀዋለሁ፣ ደንቡ ግን አያውቀውም አልኳት። ሳቀችብኝ። በኋላ ግን "አይዞሽ፣ በጆሯቸው እየጎተትኩ አመጣልሻለሁ" አለች።

እመጣለሁ ብለው ቃል የሰጡ፦ አሥራ አንድ።

ሐሙስ

ጉልበቴ አብጧል። ደረጃው ነው።

ፊደል የቆጠርኩት መገናኛ ካልሲ ስሸጥ ነው። ረዳቱ የሚጮኸውን ከታክሲው ታፔላ ጋር እያመሳከርኩ። "አያት" የመጀመሪያ ቃሌ ነበረች። ከዚያ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ። አንድ ቀን ኦቦ ለሚ ኮሙናሉ ውስጥ፣ የመጻሕፍቱ ቁም ሳጥን ሥር ተቀምጬ ሳነብ አገኙኝ። ለልጆቹ የሚሆን ቴአትር ገልብጪልኝ ብለው ሰጡኝ። ስመልስላቸው ብዙ አዩትና "እጅሽ ያምራል፣ ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊያችን አንቺ ነሽ" አሉ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም በሥራ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ይህ ብሎክ የቆመበት መሬት የሳቸው ቤተሰብ የጤፍ ማሳ ነበር። እንዲያም ሆኖ በማኅበሩ ውስጥ አንድም ቀን "እኔ" ብለው አያውቁም። ሁሉም ሳይናገር ነገር አይቆረጥም ነበር። ልጆቹ በአማርኛ ይተውኑ ወይስ በኦሮምኛ የሚለው ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጨረሻ በሁለቱም ተባለ፣ ማንም አላኮረፈም። አበራ ግን አልቻለም። "በዚህ አያያዝ እንኳን ማኅበር እድርም አይመራም" ይል ነበር። በኋላ የመሪዎች ስም ዝርዝር ለነገ ይቅረብ የሚል ጥያቄ ከወረዳ መጣ፤ አበራም ያን ማታ ቃለ ጉባኤውን አስጻፈኝ።

ሁሉንም ካልጻፍኩ ዋጋ የለውም። አበራ "ለቀዋል በይ" ብቻ ነው ያለኝ። "በገዛ ፈቃዳቸው" አላለም። እሷ የኔ ናት። ታምራለች ብዬ ነው የጨመርኳት።

ቅዳሜ

ትናንት ሳልጽፍ ዋልኩ። ቀኑን ሙሉ በር ሳንኳኳ ነበር። አሥራ ስድስት።

ዛሬ ልጆቹ ሲለማመዱ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው ገቡ። ከነዋሪዎች ኮሚቴ ነን አሉ። ኮሙናሉ ለምን እንደሚውል ገና አልተወሰነም፣ ለማወቅ ያህል ነው አሉ። መሬቱን ለኩ፣ ግድግዳውን ለኩ፣ የመስኮቱን ቁመት ለኩ። ልጆቹ ቃለ ተውኔታቸውን ሳያቋርጡ ሜትሩ እንዲያልፍ እግራቸውን አነሱ። እኔ ደጅ ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ስመለስ በኦቦ ለሚ በር አለፍኩ። ከማሳው የቀራቸው ያቺ ግቢና ሁለት ላሞች ናቸው። "ዘነቡ፣ ደህና ነሽ ወይ?" አሉኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ደህና ነኝ ብዬ አለፍኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የማልፈው።

እሁድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቅዳሴ የተመለሱት በነጠላቸው መጡ፣ ከጸሎት ቤት የወጡትም መጡ። ቤቲ አራት ሰው ይዛ ገባች። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ። ሳሙኤል ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ። አቶ ከበደ ጋ ተደወለ፤ እግሬን አሞኛል፣ እንዳለሁ አድርጋችሁ ጻፉኝ፣ እፈርማለሁ አሉ።

ሳሙኤል ወደኔ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። "እትዬ፣ ሃያ ብለው ይጻፉት። አንድ ሰው እኮ ነው። ልጆቹን ያስቡ።"

ልጆቹን አሰብኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቶ ነበር። ከዚያ አንድ አባል ቀርቷል አልኩ። ማን አሉኝ። ተነሳሁ።

"ኦቦ ለሚ አልለቀቁም። ያ ቃለ ጉባኤ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሳሙኤል አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "እኔም ፈርሜበታለሁ" አለች። "ምን እንደሚል አላነበብኩትም።" ሌላው ደግሞ እኔም አለ። ቤቲ "ታዲያ ይጠሩ እንጂ" ስትል ልሂድ አልኩ፣ እኔ ብቻዬን።

ኦቦ ለሚ ለላሞቹ ሣር እያጨዱ ነበር። በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማጨዳቸውን አላቆሙም። እጅሽን አውቀዋለሁ፣ መልቀቄን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ነው ያወቅሁት አሉኝ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ሰባት ዓመት በዚህ በር ስታልፊ፣ ዛሬ ትገባለች እያልኩ ነበር። አሁን የመጣሽው ለኔ ነው ወይስ ለሃያኛው?"

መዋሸት እችል ነበር። ብዋሽ ግን ውሸት ለምደሻል የሚሉኝ መሰለኝ።

"ለሃያኛው ነው፣ ኦቦ" አልኩ።

"እንግዲያው ሂጂ። እኔ የቁጥር ማሟያ አልሆንም።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብቻዬን ስገባ ሁሉም ገባቸው። ሳሙኤል "ያለውን ይጻፉ፣ እትዬ" አለ። ጻፍኩ፦ የተገኙ አባላት አሥራ ዘጠኝ። ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም። ምርጫ አልተደረገም። ኦቦ ለሚ በፈቃዳቸው እንደለቀቁ ከዚህ ቀደም የተጻፈው ሐሰት ነው።

አሥራ ዘጠኙም አንብበው ፈረሙ። መነጽር የሌላቸው ከጎረቤታቸው እየተዋሱ። አንዱ መስመር ግልጽ አይደለም ብሎ አስደገመኝ። ከሰዓት በላይ ፈጀ። በዚህ ማኅበር፣ ከኦቦ ለሚ ወዲህ፣ ሰው የሚፈርመውን ሲያነብ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ

ሳሙኤል ከሥራ አስፈቅዶ ወረዳ ድረስ አብሮኝ መጣ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አነበበች። አገላብጣ አየችው።

"ምርጫ አልተደረገም ይላል። ታዲያ ምን ልታቀርቡ መጣችሁ?"

"የሆነውን" አላት ሳሙኤል።

ለአለቆቼ አሳያለሁ፣ ጊዜ ይሰጣችሁ እንደሆነ አላውቅም አለች። እስከዚያው ግን ቁልፉን አስረክቡ አለችን። ቁልፉን ከመሃረቤ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የካባው ነገር ትዝ አለኝ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ዝናብ ከመጣ አልባሳቱን የሚያሸሽ የለም። ለልጅቷ ነገርኳት። ጻፈችው።

ከቢሮው ስንወጣ ሳሙኤል ደግፎ እስከ ታክሲ ድረስ ሸኘኝ። አልወቀሰኝም። "ትናንት ሃያ ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ቁልፉ መሃረብዎ ውስጥ ነበር" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

አሁን አዳራሽ የለም። ስብሰባ የለም። የጎደለ ቁጥር የለም። ነገ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት የለኝም ልል ነበር። አለኝ። ከኦቦ ለሚ የምፈልገው ነገር ሁሉ ዛሬ ከቁልፉ ጋር የወረዳው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ ነገ በዚያ በር መግባት እችላለሁ። ያስገቡኝ አያስገቡኝ አላውቅም። ባያስገቡኝ ይህን የጻፍኩበትን ደብተር በሩ ሥር አስቀምጬው እመለሳለሁ፤ እጄን ያውቁታል። ይህ ደብተር የኦቦ ለሚ ነው።