ሠላሳ ሁለተኛው ስም

ሰኔ 22
ነፋስ። የምድጃውን ጭስ መውጫ ጠረግሁ። ከሰዓት በኋላ የናዳም፣ የትግል ግጥሚያው፣ የቀስቱና የፈረስ ግልቢያው በዓል፣ ኮሚቴ መዝገቡን ላከልኝ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የታጋዮቹን ስም የምጽፈው እኔው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ሰኔ 25
ሠላሳ አንድ ሰው ተመዘገበ። ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እስከ መጨረሻው እንዲዘልቁ ሠላሳ ሁለት መሙላት አለባቸው። አንድ ጎደለ።

ሰኔ 26
የጎረቤቴ ልጅ ኒንጂን መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ወንዶቹን አንድ በአንድ ስትጥል በመስኮት አይቻለሁ። የሟች አባቷን የትግል ጃኬት ይዛለች። እንደ ደንቡ ደረቱ ክፍት ነበር... በቀይ ጨርቅ ዘግታዋለች። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው።

«መምህር፣ አንድ ሰው ጎድሎብዎታል አሉ።»

«የጎደለው ወንድ ነው።»

«አራተኛ ክፍል የነገሩን ተረትስ? ሴትዮዋ ወንድ መስላ ትግል ገብታ ሁሉንም ዘረረቻቸው። ሌላ ሴት እንዳትገባ ደረት ይከፈት ተባለ። ታዲያ የከለከሉን ስለተሸነፍን ነው ስላሸነፍን?»

ሠላሳ ዓመት ለሳቅ ያወራሁት ተረት። ኮሚቴውን እጠይቃለሁ አልኳት።

ሰኔ 28
ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ ጎምቦ ሳቀ። ተማሪዬ ነበር፤ ክፍልፋይ አይገባውም ነበር።

«ሴቶች ቀስት አላቸው፣ ፈረስም ይጋልቡ። ትግል የወንድ ጨዋታ ነው፣ መምህር።»

«ሠላሳ አንድ ለሁለት አይካፈልም።»

«ሹፌሩ ባትሱሪ ይግባ።»

«በከዘራ የሚሄደው? ታግሎም አያውቅ።»

«ይውደቅ። ለመውደቅ ደግሞ ምን ሙያ ይጠይቃል? ይጻፉት።»

ጻፍኩት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ለምን እንቢ አላልኩም? መዝገቡ እንዳይጎድል?

ሐምሌ 4
በዓሉ። ባትሱሪ ከዘራውን ለሚስቱ አቀብሎ ገባ። ገና ሲይዙት ወደቀ። እንደ ተሸናፊ ወግ በአሸናፊው ክንድ ሥር አጎንብሶ አለፈ፤ ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። የሚችለውን አስቀርቶ የማይችለውን ማስገባት... ስፖርት ነው ይሄ?

ኒንጂን ከገመዱ ውጭ ቆማለች። አልሳቀችም። ሜዳውንም አታይም። የምታየው እኔን ነበር።

ሐምሌ 5
ዝናብ።

ነሐሴ 26
ትምህርት ተከፈተ። ኒንጂንን መንገድ ላይ አገኘኋት። ደብተሯን በቀይ ጨርቅ ለብዳዋለች። ከጃኬቱ ደረት የተተረተረው ቁራጭ... የመርፌው ቀዳዳ ዳር ዳሩን ተሰልፎ ይታያል።

«ልምምዱስ?» አልኳት።

«የምን ልምምድ?»

«የትግሉ።»

«እሱማ የወንዶች ነው፣ መምህር። እርስዎው ጽፈውት የለ።»

ደህና ይዋሉ ብላኝ ሄደች። በትሕትና።