የሳንባው ምች

ኅዳር 10፣ ሪቻርድሰን። ዛሬ ጠዋት ሁለት ካርቶን ቴምርና አንድ ጆንያ ምስር ተሸጠ።

እህቴ መስዑዳ፣ የአላህ ሰላም እዚያ ተራራችሁ ድረስ ይውጣልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ጭጋጉ ፓርኪንጉን ስለሸፈነው ደንበኞቼ ከደመና ውስጥ የሚወጡ ይመስላሉ። በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ እየደጋገምኩ ስሰማ፣ ሔራን የምትባል እዚህ ባሕር ማዶ ያደገች ተማሪ ገባችና «ጋሼ፣ ድመት ገዛህ እንዴ? ሶ ኪዩት፣ ሲያምር!» አለችኝ።

«የእህቴ ልጅ ኑዕማን ነው፤ ተኝቶ ሲተነፍስ» አልኳት። ሳቋን አቆመች።

«የጤና ኤክስቴንሽኗ ምች ነው አለች፤ ዳማከሴ አሸሁት» ብለሻል። እሷ ያለችሽ ሳንባ ምች ነው። በስም ቢመሳሰሉም ይሄኛው በቅጠል አይለቅም፤ መርፌና ኦክስጅን ይፈልጋል። ሹፌሩ ጦልሃ ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዳችሁ ከከሚሴ ተነስቷል። መኪና እስከሚገባበት ድረስ ልጁን ታቅፈሽ ውረጂ፤ ጋቢም ደርቢለት።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። የሱቁ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ኑዕማን የሚተነፍስ ይመስለኛል፤ ዝም ሲል ብድግ እላለሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። አላህ መንገዳችሁን ያሳጥረው።

ወንድምሽ ዐብዱሰመድ

ነገ፦ ሱቅ አልከፍትም። ከሚሴ ሐኪም ቤት እደውላለሁ።