መጋዘኑ ጀርሚስተን፣ ኪሳራው ኬፕታውን

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
ብርድ። ሰፈራችን ቶኮዛ በሙሉ ብርድ ልብስ ለብሳ ነው የምትሄደው። ጎረቤቴ አሮጊቷ ጎጎ ገና ሱቁን ስከፍት መጣች። "ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!" "ካገባሽኝ በነፃ" አልኳት። "መጀመሪያ ጥርስህን አስተክል" አለችኝ። ወረፋው ሁሉ ሳቀብኝ። ደግ አደረገች።
የጅምላው መኪና ዛሬም አልመጣም። ለዱቄቱና ለዘይቱ ከከፈልን አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ስልክም አያነሱ... ምን ነካቸው?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10
ጀርሚስተን ሄድኩ። ሞፓኔት ጅምላ መጋዘን በሩ ላይ ሰንሰለት። ዘበኛው "ከስረዋል፣ ኬፕታውን ጠይቅ" አለኝ። ኬፕታውን? ዘጠኝ ዓመት ከእነሱ ስገዛ ኬፕታውን የሚል ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።
ለእህቴ ልጅ ለፊቤ ደወልኩ። ጠበቃ ቢሮ ነው የምትሠራው። አጣራችው። ከሦስት ወር በፊት የተመዘገበ አድራሻቸውን ኬፕታውን ወዳለ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ አዛውረዋል። የኪሳራ ማመልከቻውንም እዚያ አስገቡ።
"ይቻላል እንዴ?"
"ቴክኒካሊ ይቻላል፣ አጎቴ። ተቃዋሚ ካለ ነሐሴ 6 እዚያው ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው የሚለው ማስታወቂያው።"
አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር። ዳቦ መሸጡን ትቶ ማን ይመጣል ብለው ነው። ገብቶኛል።

እሑድ፣ ሐምሌ 13
ከአምልኮ በኋላ አሥራ አንዳችን፣ አብረን የምንገዛው ባለሱቆች፣ ተሰበሰብን። ጥፋቴ አፈጠጠብኝ። ቅናሽ እንድናገኝ ብዬ ሁሉም በእኔ ስም እንዲገዛ ያደረግኩት እኔ ነኝ። "ልጆቼ ሁኑ፣ ቤተሰብ ይብዛልኝ" እያልኩ ስቀልድ... አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ ጠያቂ አንድ ብቻ ነው። እኔ፣ ሀቢሶ። አሥሩን ፍርድ ቤት አያውቃቸውም።
የኤርጎጌ ሱቅ ጻካኔ ሰፈር ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነች። ያላትን ሁሉ ለዚህ ትዕዛዝ ሰጥታኛለች። "መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ወንድም ሀቢሶ። አከራዩ ቁልፉን ሊቀበለኝ ነው።" አላለቀሰችም። ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ።
እሄዳለሁ አልኩ። እስከዚያ ከየመደርደሪያችን ቀንሰን የእሷን እንሞላለን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22
ፊቤ መጣች። ሕጉ ይለወጥ የሚሉ አሉ አለች፤ ኩባንያ በሠራበት ከተማ ይክሰር የሚሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከተማውን ራሱ ይምረጥ፣ ነገሩን የለመደ ዳኛ ጋ ቶሎ ያልቃል ይላሉ። "ሁለቱም ፖይንት አላቸው።"
"ኧረ የኔ ዳኛ! ገንዘብ ጠያቂ ከሌለበት ቶሎ ያልቃላ! እኔም ያለ ደንበኛ ብሸጥ ወረፋ የለብኝም።"
ሳቀች። የቢሮዋ ጠበቃ ኬፕታውን ያለ ጓደኛውን ለመነልን። በነፃ ይቆምልናል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1
ኬፕታውን። አውቶቡሱ ወገቤን ቆረጠው። ቀጥታ ወደ ተመዘገበው አድራሻ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ፣ አበባ።
"ሠላሳ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት" አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን።
"ጌታዬ... ይሄ ቢሮ ነው።"
"ሞፓኔት ጅምላ አይደለም?"
"ደብዳቤያቸውን ብቻ ነው የምንቀበለው። እዚህ ማንም የለም።"
"ሚስቴ አታምነኝም። ሄጄ አጣሁ ብላት ቤት አታስገባኝም። እስቲ ይህንኑ ጻፊልኝ።"
ሚስት የለኝም። ልጅቷ አዘነችልኝ፣ ጻፈች፣ ማኅተምም መታችበት። ይቅር በለኝ ጌታዬ... ግን ጥሩ ማኅተም ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
ፍርድ ቤት። የእነሱ ጠበቃ ስለ አድራሻ ምዝገባ ብዙ ተናገረ። የእኛው ያቺን ወረቀት ሰጠ። ዳኛዋ ሁለቴ አነበበቻት። "ታዲያ ይህ ኩባንያ ዱቄት የሚሸጠው የት ነበር?" "ጀርሚስተን፣ ክብርት ዳኛ።" "ሠራተኞቹስ?" "ጀርሚስተን።"
ጉዳዩ ወደ እኛው ደጅ፣ ወደ ጆሃንስበርግ ተዛወረ!! ኮሪደሩ ላይ ጮኬ ዘበኛ ተቆጣኝ። ይቆጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
የገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባ። ጆሃንስበርግ፣ በታክሲ ተሳፍረን። አሥራ አንዳችንም ሱቅ ዘግተን መጣን። የሞፓኔት ዳይሬክተር ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። ምን ያህል እንደሚደርሰን እንጃ። ትንሽ ነው አለች ፊቤ፤ እያወቀ መውሰዱን ካመነ ግን ከራሱም ኪስ ይጠየቃል።
መጠየቅ የሚችለው የተመዘገበው ብቻ ነው ተባለ። ለሁለት ሳምንት የተለማመድኩት ነገር ነበረኝ፤ ሰውየውን የሚያቀልጥ ተረብ። ተነሳሁ። ኤርጎጌን አየኋት።
"በእኔ ፈንታ እሷ ትጠይቅ" አልኩ። ሰብሳቢው ፈቀደ።
ቆመች። በራሷ እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፦ "ሰኔ 25 ገንዘቤን ስትወስድ እንደምትዘጋ ታውቅ ነበር?"
ዳይሬክተሩ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው ወረቀቱን አየ። እሷ አልተቀመጠችም።
"አዎ" አለ።
ቃሉ ተመዘገበ። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።